ሎጎ ሐይቅን በቅብብል መዞር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቡድኖች የትኛው አማራጭ ይሻላል?

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠነክር ከሚያውቁኝ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። «በቡድን ሆነን ሐይቁን በቅብብል ብንዞረውስ?» ጠያቂዎቹ አትሌቶች አይደሉም። አንዱ መምህር ነው፤ አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ ሌሎቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ። ንጋት ላይ ሆጤ አካባቢ ወይም ቦርከና ዳር ዳሩን ለየብቻቸው ሲሮጡ ይከርሙና አንድ ቀን ከሰው ጋር ተቀባብለው አንድ ሙሉ ዙር መዝጋት ያምራቸዋል።

ምኞቱ ደስ ይላል፤ ምርጫው ግን ብዙ ነው። የትኛውን ውሃ እንዙር? ስንት ሰው እንሁን? እያንዳንዱ ሰው አንዴ ረዘም አድርጎ ይሩጥ ወይስ አጠር አጠር እያደረገ ይመላለስ? ብዙ ቡድኖች ይህን የሚወስኑት ፈጣኑን አባላቸውን እያዩ ነው። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ምርጫው ሁሉ መመዘን ያለበት በዝግተኛው ሯጭ እና ተራውን ቆሞ በሚጠብቀው ሰው ነው። በቅብብል ውስጥ አንድ ሰው ከሚሮጥበት ጊዜ ይልቅ የሚጠብቅበት ይረዝማልና።

የረጅም ርቀት የጎዳና ቅብብል በጃፓን ትልቅ ባህል ነው። «ኤኪደን» ይሉታል። የመጀመሪያው በ1917 እ.ኤ.አ. ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ላይ በ23 ድርሻ ተከፍሎ ተሮጠ። ሐይቅን በቅብብል መዞርም በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። በአሜሪካ የታሆ ሐይቅን ሰባት ሯጮች 116 ኪሎ ሜትር ገደማ ተካፍለው ይዞሩታል፤ በሃንጋሪ የባላቶን ሐይቅ ዙሪያ ሩጫ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእኛው ሎጎ ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ለጀማሪ ቡድን ግን ትንሽነቱ ሀብት ነው። ሌሊት መሮጥ የለም፤ ማደሪያ መፈለግ የለም፤ ማለዳ የጀመረ ከቀትር በፊት ጨርሶ ቤቱ መግባት ይችላል።

የትኛው ውሃ?

በአቅራቢያችን ሁለት ሐይቆች አሉ፤ ሎጎና አርዲቦ። ሦስተኛው አማራጭ ከደሴ ተነስቶ እስከ ሐይቅ ከተማ ጎዳናውን መሮጥ ነው።

ሎጎ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሐይቅ ከተማ ጎን ይገኛል። የውሃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ዙሪያውን መገመት ይቻላል። ሐይቁ ፍጹም ክብ ቢሆን ኖሮ ዙሪያው 17 ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር። ነገር ግን ክብ አይደለም፤ ዳርቻው ይገባል ይወጣል፤ ሯጭ ደግሞ ረግረጉንና የሰው ማሳ እየሸሸ ከውሃው ራቅ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ ከ20 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ጠብቁ። ትክክለኛውን ርቀት የሚሰጣችሁ ከሩጫው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከቡድኑ ሁለት ሰው ስልክ ይዞ በእግሩ ሲዞረው ብቻ ነው። ይህን ጉዞ አትዝለሉት። መቀባበያ ቦታዎችን የምትመርጡበት ቀንም ያ ቀን ነው።

የሎጎ ዋና ጥቅሙ ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ሎጎ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ከተሞች የመጣ ሰው በትንፋሽ በኩል አይጎዳም። የደሴው ሯጭ ወደ ወፍራም አየር ይወርዳል፤ የኮምቦልቻው የለመደውን ያገኛል።

አንድ ነገር ግን ማወቅና ማክበር ያስፈልጋል። ወደ ሐይቁ በገባው ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም ያደረጉት ቦታ ነው፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ስለዚህ መንገዱን ስታወጡ ከባሕረ ገቡ መሬት አንገት ላይ ቆርጣችሁ እለፉ። መቀባበያውንም እዚያ ደጃፍ ላይ አታድርጉ። ጭብጨባና ጩኸት የጸሎት ቦታ አጠገብ ነውር ከመሆኑም በላይ፣ ሴት አባላት ያሉት ቡድን ግማሹን ከኋላ የሚያስቀር ቦታ መምረጥ የለበትም። ገዳሙን መሳለም የሚፈልግ ከሩጫው በኋላ ታጥቦ፣ ነጠላውን ለብሶ ይሂድ።

አርዲቦ ከሎጎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ይገኛል። በስፋት ያንሳል፤ ዙሪያው ግን ተራራ ነው። ጸጥታው ልብ ይሰርቃል። ሆኖም ዳገቱ ትንፋሽ ይቆርጣል፤ በመኪና ተጠግቶ ሯጭ ማንሳትም ከሎጎ ይልቅ ይከብዳል። ሎጎን ሁለት ጊዜ የዞረ ቡድን በሦስተኛው ዓመት አርዲቦን ቢሞክር እደግፋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልመክርም።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ጎዳናውን መሮጥ ብዙ ወጣቶች የሚያስቡት ምርጫ ነው፤ ከራስ ከተማ ተነስቶ በእግር መድረስ ኩራት አለው። እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። አውራ ጎዳና ነው። የጭነት መኪናና ሚኒባስ ሳያቋርጥ ይመላለስበታል፤ ኩርባው ላይ ሯጭ ድንገት ይታያል። መንገድ ዘግቶ የሚያስተናግድ የትራፊክ ፖሊስ ከሌለ በቀር አንድ የሰው ሕይወት ለዚህ ኩራት አይከፈልም። የኮምቦልቻን መንገድ በሐረጎ በኩል መሮጥም ያው ነው።

ስንት ሰው? ስንት ጊዜ?

ብዙ ጊዜ ቡድን የሚቃወሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ለስሌት እንዲመች መንገዱን 24 ኪሎ ሜትር እናድርገው። የዝግተኛውን ሯጭ ፍጥነት ደግሞ በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ እንያዝ። ዙሩ በጠቅላላ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይወስዳል።

አራት ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ከሮጡ ለእያንዳንዱ 6 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል፤ 42 ደቂቃ ማለት ነው። መቀባበሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አራተኛው ሰው ግን ከመነሻው ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጠብቃል።

እነዚያው አራት ሰዎች 3 ኪሎ ሜትር እየሮጡ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢመላለሱ እያንዳንዱ ሩጫ 21 ደቂቃ ይሆናል። ለጀማሪ ሲሰማው ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎችም ይህን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ነገር ግን መቀባበሉ ወደ ሰባት ከፍ ይላል። አንድ ሰው የመጀመሪያ ድርሻውን ጨርሶ፣ ላቡ በጀርባው ላይ ደርቆ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ፣ እንደገና ይነሳል። ያን ጊዜ እግሩ እንጨት ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው 3 ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም። በዚያ ላይ የሮጠውን ሰው አንስቶ ቀድሞ ሄዶ ሌላ ቦታ የሚያደርስ መኪና ያስፈልጋል። አውራ ጎዳናው በሐይቁ ምዕራብ በኩል ነው የሚያልፈው፤ በምሥራቁ በኩል የእግር መንገድ ይበዛል። ለመመላለስ የታቀደ ቡድን የሚሰናከለው በዚያ በኩል ነው።

በውጭው ዓለም ሁለቱም አሠራር አለ። በአሜሪካ ኦሪገን ከሁድ ተራራ እስከ ባሕር ዳርቻ በሚደረገው ቅብብል አሥራ ሁለት ሯጮች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ይሮጣሉ፤ ለዚያ ግን የሚያመላልሷቸው መኪኖችና ጥርጊያ መንገድ አሏቸው። በጃፓን የሀኮኔ ኤኪደን ላይ አሥር የዩኒቨርሲቲ ሯጮች እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣሉ። እኛ በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ መኪና የሚያስኬድ ጥርጊያ መንገድ ስለሌለን የጃፓኖቹ መንገድ ይስማማናል። ርቀቱን ግን በእኛ አቅም እናሳጥረዋለን።

የእኔ ምርጫ ስድስት ሰው፣ አንድ አንድ ጊዜ ነው። እኩል ቢካፈሉ 4 ኪሎ ሜትር ይደርሳቸዋል። ግን እኩል መካፈል ግዴታ አይደለም። ማራቶንን በስድስት ሰው የሚከፍለው ዓለም አቀፉ የኤኪደን አከፋፈል ራሱ 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5 እና 7.195 ኪሎ ሜትር ነው። ጠንካራውና ገና የሚለምደው ሰው በአንድ ቡድን ውስጥ ያለ እፍረት አብረው የሚቆሙት እንዲህ ሲሆን ነው። በእኛ 24 ኪሎ ሜትር ላይ 5፣ 3፣ 5፣ 3፣ 5፣ 3 ብላችሁ ብትከፍሉት፣ ባለፈው ዓመት ወልዳ ዘንድሮ መሮጥ የጀመረች እናት 3 ኪሎ ሜትሯን በሙሉ ኩራት ትሮጣለች። ለእኔ ቅብብል ከሌላው ሩጫ ሁሉ የሚወደደው በዚህ ነው።

አሥር ሰው የሚሆኑ ቡድኖችም አሉ። ደስታው ይደምቃል፤ ነገር ግን አሥር ሰው በየቦታው ማቆም አሥር ሰው ማጓጓዝና መመገብ ነው። ከስድስት በላይ ከሆናችሁ ሁለት ቡድን ሁኑና ተፎካከሩ።

መጠበቅን በሚመለከት አንድ የደረሰብንን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በዞርንበት ዓመት ሦስተኛውን መቀባበያ «ዋርካው ሥር» ብለን ተስማማን። ስንት ዋርካ እንዳለ ማናችንም አልጠየቅንም። መምህሩ ድርሻውን ጨርሶ፣ ዱላውን ወደፊት ዘርግቶ፣ የመጨረሻ ጉልበቱን አውጥቶ ሲደርስ ጥላው ሥር ሁለት ጥጆችና አንድ እረኛ ብቻ አሉ። ዱላውን እንደያዘ ዙሪያውን ያያል። ማሳቸውን ሲያርሙ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀና አሉና «ልጄ፣ አንዲት ልጅ ከወዲያኛው ዋርካ ሥር ቆማለች፤ አንተን ሳይሆን አይቀርም የምትጠብቀው» አሉት። «አባቴ፣ ይርዳዎት» ብሎ ግማሽ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ሮጠ። እሷ ደግሞ ከመድረሻው ሰዓት አርባ ደቂቃ ቀድማ ሰውነቷን አሟሙቃ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ቆማ በርዳ ነበር። ዱላውን ስትቀበል ጉልበቷ አልታዘዝ አላት፤ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር እያነከሰች ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕግ አለን። መቀባበያ ቦታ በስልክ ካርታ ላይ ይመዘገባል፤ እዚያም አንድ የሚታይ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ፣ ይታሰራል። ተቀባዩ ደግሞ ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል፤ ማሟሟቅ የሚጀምረው ሰጪው ሊደርስ 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጋቢውን የሚያወልቀው ሯጩ በዓይን ሲታይ ብቻ ነው።

ማን የት ይሩጥ?

በሐይቁ ዙሪያ ሜዳም አለ፤ ዳገትና ቁልቁለትም አለ። ብዙ ጊዜ ጠንካራው ዳገቱን፣ ደካማው ቁልቁለቱን ይሰጠዋል። ቁልቁለት ግን ለደካማ እግር ስጦታ አይደለም። ወደ ታች ስትሮጡ የፊት ታፋችሁ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችሁን ይገታል፤ ሕመሙ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ቁልቁለት መስጠት ያለባችሁ በየቀኑ ለሚወርድና ለሚወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደሴ ላይ ሞልቷል፤ ከጦሳ ግርጌ ተነስቶ ፒያሳ ወርዶ የሚሠራ ሁሉ እግሩ ቁልቁለት ያውቃል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የሚለማመደውን ሜዳው ላይ ተክሉት፤ እዚያ ፍጥነቱ ይታያል።

የመጀመሪያውን ድርሻ ለፈጣኑ አትስጡ። ለታጋሹ ስጡት። የመጀመሪያው ሯጭ በደስታ ካበደ ሰዓቱ ሁሉ ይዛባል፤ ሌሎቹም ያለ ጊዜያቸው ይጣደፋሉ። ዝግተኛዋን ሯጭ ከመካከል አስገቧት እንጂ መጨረሻ ላይ አታድርጓት፤ ሁሉም ሰው ቆሞ እያያት ብቻዋን እንድትጨነቅ አይገባም።

መጓጓዣና ስንቅ

ሚኒባስ መከራየት ውድ ቢሆንም ለስድስት ይካፈላል። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጡትን አንድ ላይ ያመጣል፤ ልብስና ውሃ ይይዛል። በምዕራቡ በኩል በቂ ነው። ለምሥራቁ ብስክሌት የሚነዳ አንድ ሰው ከሯጩ ኋላ ይከተል። ባጃጅ ሞክረን ነበር፤ ከዝናብ በኋላ በለሰለሰ መሬት ላይ ተቀርቅሮ አራት ሰው ገፋነው። ብስክሌተኛው ውሃ፣ ፋሻና ስልክ ይይዛል፤ ሯጭ የመንደር ውሻ ሲያሳድደውም አብሮት አለ።

ስንቅ ላይ ብዙ አልልም። ከሩጫው በፊት በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ከሩጫው በኋላ ሙዝና ቆሎ ይበቃል። በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ያዙ፤ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በቤት የሚዘጋጀው ያው ውህድ ነው፤ በላብ የወጣውንም ይመልሳል። ጨው አታብዙ። የሐይቁን ውሃ ሳያፈሉ አትጠጡ።

መቼ?

ሐምሌና ነሐሴ አይታሰቡም። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መተማመን አይቻልም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ከዚህ ውስጥ እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ፤ መሬቱ ደርቋል፤ ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ወቅት ግን አዝመራ በየማሳው ስላለ በሰው እህል መካከል አቋርጦ መሮጥ ፈጽሞ አይገባም። በዙሪያው ቢረዝምም በእግር መንገዱ ሂዱ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከጀመራችሁ በላይኛው ስሌት ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት ታበቃላችሁ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ማለት ነው። ቀኑን ስትመርጡ የሁሉንም አባል ቤት አስቡ። የእኛ ቡድን ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ እንደ ወሎ ቤተሰብ ሁሉ። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቅዳሴ ስለሚተው ቅዳሜ ማለዳ ይስማማናል። ረመዳንን ሙሉ በሙሉ እንዘላለን፤ ውሃ የማይጠጣ ጓደኛ እያለ ሌላው ጠጥቶ መሮጡ ለእኛ አይዋጥልንም። ዓርብ የሌሊት ፈረቃ ያደረ የፋብሪካ ሠራተኛ ቅዳሜ እንዲሮጥ አትፍቀዱ፤ «አልደከመኝም» ቢልም አትስሙት፤ ተለዋጭ ሰው ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ለአካባቢው ቀበሌ አሳውቁ፤ የመንገዱንም ሰላም ጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ ሐይቁ የትም አይሄድም፤ ሩጫውን ለሌላ ቀን አስተላልፉ።

ዱላ ወይስ መቀነት?

የአትሌቲክስ ዱላ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ50 ግራም አያንስም። ለትራክ የተሠራ ነው። በ100 ሜትር ላይ ማንም አይሰማውም፤ በ5 ኪሎ ሜትር ላይ ግን አንድ እጅ ሁልጊዜ የተያዘ ይሆናል። ውሃ ስትቀበሉ፣ ላብ ስትጠርጉ፣ ድንጋይ ላይ ስትደናቀፉ ያስቸግራል። መምህሩ በዚያ ዋርካ ሥር ዱላውን ይዞ ሲንከራተት አይቼ ነው ነገሩን እንደገና ያሰብኩት።

ጃፓኖች ዱላ አይጠቀሙም፤ ከትከሻ ወደ ጎን በደረት ላይ የሚወርድ የጨርቅ ቀበቶ ይቀባበላሉ። እኛ ለዚህ ከሁሉ የሚመች ነገር በየቤታችን አለን፤ መቀነት። የአንዷ አባላችን እናት አንድ ረጅም መቀነት ሰጡን። ጥበብ ያለበት፣ ጫፉ ላይ ቀይ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ነው። በደረት ላይ አጥልቆ፣ ትርፉን ወደ ሱሪ ቀበቶ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለቱም እጅ ነጻ ነው፤ ሂጃብ ለለበሰችውም ምንም አያስቸግርም።

አቀባበሉን ግን ተለማመዱት። ሰጪው መቀባበያው 100 ሜትር ሲቀረው ከትከሻው ያወጣዋል። በሁለት እጁ አጥብቆ ወጥሮ ከፊቱ ይይዘዋል። ተቀባዩ በዝግታ መሮጥ ጀምሮ ጎን ለጎን ሲሆኑ በአንድ እጁ ይቀበለዋል፤ እየሮጠም ይደርበዋል። ቆሞ ለማጥለቅ የሞከረ ሁሉ ራሱ ላይ ይጠመጥመዋል። ስድስተኛዋ ሯጭ ስትቀበለው ጨርቁ በአምስት ሰው ላብ ከብዶ፣ ጨውም ሠርቶበት ነበር። ደረቷ ላይ አጥልቃ በእጇ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችውና ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስደውን ዳገት ጀመረች።